ስለ «ላምብ» ፊልምና በዘመድ ቤት ስለሚያድግ ልጅ

ዝናብ በጠፋ ጊዜ ልጁን ወደ ዘመድ ቤት ያልሰደደ፣ ወይም የዘመድ ልጅ ተቀብሎ ያላሳደገ ባለቤት በዋግ ኽምራ ደጋም ቢሆን ቆላም ቢሆን ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግር ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ጽኑ ረኃብ እንዲህ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ በቀረ ጊዜም እንደዚሁ ሆነ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሆነውም ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሰው ወደ ሰቆጣ በተፈናቀለ ጊዜ ይኸው ነገር ተደገመ። ልጁ ወደ ዘመድ ይሄዳል፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ተቀባዩም ዘመድ ከራሱ ልጆች እንጀራ ላይ ቈርሶ ይሰጣል። ነገሩ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ማንም ታሪክ ነው ብሎ አይጽፈውም።

አቶ ያሬድ ዘለቀ ግን ታሪክ ነው ብሎ ፊልም ሠራበት። ፊልሙ «ላምብ» ይባላል፤ ትርጓሜውም በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው። ንግግሩ በአማርኛ ሲሆን ርዝመቱ 94 ደቂቃ ነው። አቶ ያሬድ በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲም የፊልም አሠራር የተማረ ሰው ነው፤ ከሀገርና ከዘመድ መለየትን ገና ልጅ ሳለ ስለ ቀመሰው፣ የፊልሙ ኀዘን ከራሱ ሕይወት የተቀዳ መሆኑን ተናግሯል። ፊልሙ በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም ጉባኤ «አን ሰርተን ሬጋር» በሚባለው ክፍል ታየ፤ ከኢትዮጵያ ፊልሞችም ወደዚያ ጉባኤ ይፋ ምርጫ ለመግባት የመጀመሪያው ሆነ። ኋላም ኢትዮጵያ ለኦስካር ሽልማት ውድድር አቀረበችው፤ ነገር ግን ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አልተቈጠረም።

እኔ የተመለከትሁት ከካን አዳራሽ እጅግ በራቀ ስፍራ፣ በፃግብጂ በቤቴ ውስጥ፣ በትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ነው። አብረውኝ የተቀመጡትም ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ልጆቼ፣ እኅቴ ወልዳው እኔ ያሳደግሁት ልጅም ናቸው። የዚህን ልጅ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ አገሩንም ድርቅ አጥፍቶታል። አባቱ አብርሃም ልጁን ይዞ ተራራ ተሻግሮ ወደ ዘመዶቹ ቤት ያደርሰውና፣ እርሱ ራሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ቹኒ የሚባል አንድ በግ ከአገሩ ይዞ መጥቷል፤ ከዚያ በቀር የኔ የሚለው ነገር የለውም። የቤቱ ጌታ አጎቱ ሰሎሞን ግን በጉን አይቶ፣ ለሚመጣው በዓል ሊታረድ እንደሚገባ ለልጁ ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ነገር ሁሉ ልጁ በጉን ከካራ ለማዳንና ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ለማጠራቀም የሚያደርገው ጥረት ነው።

ኤፍሬምን ሆኖ የሚጫወተው ረድኤት አማረ የሚባል ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በትያትርም በፊልምም ስሙ ያልታወቀ ልጅ ሲሆን ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትከሻው ተሸክሞታል። በትያትር ቤት የለመድነው አጨዋወት ድምፅን ከፍ ማድረግን፣ እጅን መዘርጋትን፣ ኀዘንም በሆነ ጊዜ ደረትን መምታትን የሚወድ ነው፤ ተመልካቹም ሳይነገረው እንዳይቀር ሁሉ ነገር በቃል ይነገረዋል። ረድኤት ከዚህ አንዱን እንኳ አያደርግም። በሀገራችን ልጅ በትልልቅ ሰዎች ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቢቆም ጨዋ ነው ይባላል። ይህም ልጅ እንደዚሁ ይቆማል። ነገር ግን ያ አቋቋም ጨዋነት ብቻ እንዳልሆነ የምናውቀው ከበጉ ጋር ብቻውን በቀረ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የተጨበጠው ሰውነቱ ይፈታል፤ ፊቱም የልጅ ፊት ይሆናል፤ ለሰው የማይነግረውንም ለበጉ ይነግረዋል። ከአጎቱ ጋር ያለው ልጅና ከቹኒ ጋር ያለው ልጅ ሁለት ሰው እስኪመስሉ ድረስ ይለያያሉ። ይህን ልዩነት በዘጠኝ ዓመት ዕድሜ አስቦ ማድረግ ይቻላልን? ወይስ አዘጋጁ ልጁን ታግሦ ጠብቆት ነው? ከየትም ይምጣ፣ ከመጋረጃው ላይ ሐሰት የሚመስል ነገር አላየሁም።

ትያትር ያልተማረ ልጅን የፊልም መሪ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም በሠራ ጊዜ፣ ከአባቱ ጋር በሮም ከተማ የሚዞረውን ልጅ ሆኖ የተጫወተው ኤንዞ ስታዮላ የትያትር ሥራ የማያውቅ ልጅ ነበር። ዳሩ ግን ያ ልጅ አባቱ በአጠገቡ አለ፤ ፊቱን ቀና አድርጎ አባቱን ሲያይ እኛም የአባቱን ውርደት በልጁ ዓይን እናያለን። ኤፍሬም የሚያየው ሰው የለውም። አቶ ያሬድ በጉን በሰው ፋንታ ያቆመው ስለዚህ ይመስለኛል፤ ልጁ የሚያደምጠው ካላገኘ ተመልካቹም ልቡን የሚያውቅበት መንገድ ባልነበረው።

አማቴ እዚህ ላይ ነው የተቃወሙት። «እንግዲህ በግ ለበዓል ካልታረደ ለመቼ ሊቀመጥ ነው? እንግዳ የመጣ ልጅ በግ ይዞ መጥቶ በግ የለኝም ሊል ነውን?» አሉ። ባለቤቴም፣ «እማማ፣ በጉ የእናቱ ማስታወሻ እኮ ነው» ብላ መለሰችላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ይህን ለሰውዬው ማን ነገረው?» አሉ። ይህ የአማቴ ጥያቄ ስለ ፊልሙ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት ነው የምጽፈው። በእውነትም ለሰሎሞን ማንም አልነገረውም። አባትዬው ልጁን አስረክቦ ሄደ፤ ልጁ አይናገርም፤ አጎትዬውም አልጠየቀም። ፊልሙ ከቁጣና ከድብደባ ይልቅ ባልተጠየቀ ጥያቄ ላይ መቆሙ ከአተራረኩ ሁሉ የላቀው ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ያደነቅሁት ምርጫ የወጥ ቤቱ ነገር ነው። ኤፍሬም ከእናቱ የተማረውን የምግብ ሥራ ያውቃል፤ ሳምቡሳ ሠርቶም በገበያ እየሸጠ ሳንቲም ያጠራቅማል። አጎቱ ይህን ባየ ጊዜ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መቀመጡን ይጸየፋል። እኔ ቆሎ ተማሪ ሳለሁ የምበላውን የማበስለው ራሴ ነበርሁ፤ የሴት ሥራ ነው ብሎ የነቀፈኝም ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የአጎትዬው ቁጣ ትንሽ አስገርሞኛል። የሆነ ሆኖ ሐሳቡ ይገባናል፦ ልጁን የሚያርስ፣ የሚቆፍር፣ በግ የሚያርድ ወንድ አድርጎ ሊያሳድገው ይፈልጋል፤ ይህም በእርሱ ዘንድ ፍቅር ነው። ነገር ግን ልጁ ሽንኩርት ሲከትፍ የሚያደርገው ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከእናቱ የቀረው ይኸው እጁ ላይ ያለው ሙያ ነው። ረድኤት እነዚህን ትዕይንቶች ሲጫወት እጁ አይጣደፍም፤ ዱቄቱን የሚያሸውም ለመታየት ብሎ ሳይሆን እንደሚያውቀው ሰው ነው። ባለቤቴ ይህን አይታ፣ «ይህን ልጅ እናቱ በእውነት አስተምራዋለች» አለች፤ ስለ ፊልም ተጫዋች መናገሯን ረስታ።

ስለ ረኃብ አሳያየቱም አንድ ነገር መናገር ይገባል። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. ከኮረም ያሳየው ሥዕል በዓለም ሁሉ ዞረ። ኮረም ከሰቆጣ ሰው እግር የራቀ ስፍራ አይደለም፤ ከዋግም ስንቱ ወገን ወደዚያ እንደ ወረደ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ያ ሥዕል እርዳታ አመጣ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ በውጭ ሰው ፊልም ውስጥ የሚታየው የተራበ የኢትዮጵያ ልጅ ስም የለውም፤ ቃልም የለውም፤ ዝንብ በፊቱ ላይ ሆኖ ወደ ካሜራ ያያል እንጂ የሚወደውና የሚጠላው፣ የሚያውቀው ሙያ፣ የሚያቅደው ተንኮል እንዳለው ማንም አይጠረጥርም። «ላምብ» የሚጀምረው እናትየው ከሞተች በኋላ ነው። ሞቷን እያሳየ አያስለቅሰንም። ያለፈውን መከራ ልጁ ይዞት ይዞራል፤ እኛም ከልጁ ጋር ስንዞር ቀስ በቀስ እናገኘዋለን። ኤፍሬም ስም አለው፤ ይነግዳል፤ ይደብቃል፤ ይዋሻል፤ ሒሳብ ያሰላል። ይህ ለእኛ ለሀገሩ ሰዎች የዘገየ ፍትሕ ሆኖ ታየኝ።

የሚነቀፈውን ደግሞ ሳልናገር ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። ሱራፌል ተካ ሰሎሞንን ሆኖ በመልካም ይጫወታል፤ ግን ፊልሙ የሰውዬውን ጭካኔ አስቀድሞ ጭንቀቱን ወደ ኋላ አስቀርቶበታል። ምድሩ የለመለመ ቢመስልም ጎተራው የተራቈተ ነው፤ ያለውን አፍ መመገብ ያቃተው አባወራ ሌላ አፍ ተጨምሮበታል። ይህ ሐሳብ ቶሎ ቢገባን ኖሮ ስለ በጉ መታረድ የሚሰጠው ትእዛዝ ክፋት ሳይመስለን ፍርዱ በከበደብን ነበር። ባለቤቱን አዜብን ሆና የምትጫወተው ራሔል ተሾመ በጥቂት ቃል ብዙ ነገር ታሳያለች፤ ሚናዋ ግን አጭር ሆኖ ቀርቷል። ጅራፋቸውን ይዘው ቤቱን ጸጥ የሚያሰኙትን እማማን ወለላ አሰፋ ትጫወታቸዋለች፤ አማቴ ባዩአቸው ጊዜ ሣቁ፤ ልጆቼም አማቴን አይተው ሣቁ። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የአጎትዬው ልጅ ጽዮንም አለች። ቅድስት ስዩም የምትጫወታት ይህች ልጃገረድ ጋዜጣ ማንበብ የምትወድ፣ ለማግባት የማትቸኩል ናት፤ ኤፍሬምንም የምትረዳው እርሷ ናት። ሁለቱ በአንድነት የሚታዩባቸው ትዕይንቶች የፊልሙ ሙቀት ያለባቸው ስፍራዎች ናቸው። ነገር ግን የጽዮን ነገር በራሱ አንድ ሙሉ ፊልም የሚወጣው ነው፤ እዚህ ገብቶ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ይተወናል። እርሷ ከታየችበት ስፍራ ከወጣች በኋላ የቀረውን ስመለከት ልቤ ወዴት ደረሰች እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ይህም ለተጫዋቿ ምስጋና፣ ለድርሰቱ ነቀፋ ነው።

ካሜራውን የያዘችው ጆዜ ዴሼ የምትባል የካናዳ ተወላጅ ናት። ተራራውን፣ ደመናውን፣ የደጋውን አረንጓዴ መስክ ያነሣችበት መንገድ እጅግ ያማረ ነው። በእኔ አስተያየት ጥቂት አብዝቶ አምሯል። ኤፍሬም ሊመለስበት የሚናፍቀው ደረቅ አገር በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የሚሸሸው አገር ግን ገነት መስሎ ይታያል። የውጭ አገር ተመልካች ይህ ልጅ ከዚህ ልምላሜ ወደ አቧራ ለምን ይመለሳል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የዋግ ሰው ግን አይጠይቅም። ከተከዜ በላይ ባለው ገደል ላይ ድንጋይ ከድንጋይ በቀር የማይታይበትን ቁልቁለት «አገሬ» ብሎ የሚናፍቅ ሰው በየቤታችን አለ። አዘጋጁ ለዚያ ደረቅ ምድር አምስት ደቂቃ ቢጨምርለት ኖሮ ሌላውም በተረዳው ነበር ብዬ አስባለሁ።

መጨረሻውን ለማያውቅ አንባቢ አልናገርም። ይህን ብቻ እላለሁ፦ ሁሉን አስታርቆ፣ አባትን መልሶ፣ አጎትን አስለቅሶ አይጨርስም። ልጆቼ በዚህ ተከፉ፤ እኔ ግን ልክ ነው አልሁ።

አንድ ነገር ሳስብ ይገርመኛል። ፊልሙ በካን በታየ በሁለተኛው ወር፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ውሳኔ አወጣ። ዓላማውም ከሁለት ዓመት ዕድሜ በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በምግብ እጥረት የሚደርሰውን መቀንጨር በፈረንጆች አቈጣጠር እስከ 2030 ዓ.ም. ድረስ ለማጥፋት ነው። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ጭምር ተጀመረ። የእኛ ከተማ ስም ለእንዲህ ያለ ነገር መጠሪያ መሆኑ ደስታም ኀዘንም ነው። ቃል ኪዳኑ የልጁን ሰውነት ይጠብቃል፤ ይህም የመጀመሪያው ነገር ነው። በልቶ ያደረ ልጅ ሌሊት ምን እንደሚያስብ ግን በመዝገብ የሚሰፍርበት ዐምድ የለም።

ይህን የምለው መዝገብ ስለማውቅ ነው። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ስለ ልጅ ማሳደግ የሚቀርበውን ክርክር ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ልጁ ምግብና ልብስ አላጣም» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አላስታውሰውም። ዳኛው ልጁን ራሱን በጠየቁት ጊዜም «ዝም አለ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ነጥብ አድርጌም ወደሚቀጥለው መስመር እሄዳለሁ። ረድኤት አማረ በዚያ ፊልም ውስጥ የተጫወተው ያን እኔ በሁለት ቃል የማልፈውን ነው።

አሁን ወደ እኅቴ ልጅ ልመለስ። በ2008 ዓ.ም. ከቆላው ቀበሌ በመጣ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ለቀን ሥራ ወደ ሑመራ ሄዶ ነበርና ያመጣው ጎረቤት ነው። አንዲት ግልገል ፍየል በገመድ ይዞ መጣ። እኔም በዚያ ዓመት ለራሴ ከብት የሚሆን ገለባ አልነበረኝም፤ በሦስተኛው ሳምንት ግልገሏን በሰቆጣ ገበያ ሸጥሁና በዋጋዋ ለእርሱ ጫማና ደብተር ገዛሁለት። ጫማውን አጥልቆ አመሰገነኝ፤ እጄንም ሳመ። እንግዲህ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የማይናገር ልጅ ነበር፤ እኔም ትምህርቱን የሚያስብ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ፊልሙ ባለቀ ጊዜ ሌሎቹ ተነሥተው ሲወጡ እርሱ በተቀመጠበት ቀረ። ያቺን ፍየል ታስታውሳታለህን ብዬ ጠየቅሁት። «አስታውሳታለሁ፣ አጎቴ» አለ። ቀጥሎም ስሟን በኽምጣኛ ነገረኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስም እንደ ነበራት አላወቅሁም፤ ደግሞም አልጠየቅሁም ነበር። ስሟን በዚህ ላይ አልጽፈውም፤ የእርሱ ነውና። ከዚያ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩን ዘጋና ለአማቴ መንገድ ሊያበራላቸው ፋኖሱን ይዞ ወጣ።